ወረቀቱ ላይ የቀረው ዝባድ

ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ መለስ ብዬ ሳነበው ራሴን ደህና ሰው አስመስዬ ጽፌ አገኘሁት። አሁን የሆነውን እንደሆነ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ። ከተሳሳትኩም አንባቢዎች ይቅር በሉኝ።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ያለው ግቢ የገባሁት ጥር ወር ውስጥ ነው። አባቴና እናቴ በልጅነቴ ስለተለያዩ ያደግሁት ከይጁቤ አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር፣ በአባቴ ታላቅ ወንድም ቤት ነው። አባባ ደረሰ እላቸዋለሁ። ከቤተሰባችን ዩኒቨርሲቲ የደረስኩ የመጀመሪያዋ ስለሆንኩ ለአባባ እኔ ተማሪ ብቻ አልነበርኩም። ኬሚስትሪ የሚል ቃል ከአፌ ከሰሙ በኋላ መንደሩን ሁሉ «ልጄ ኬሚስት ናት» ብለው አዳርሰውታል። እኔ ግን ገና ዲፓርትመንት እንኳን አልመረጥኩም ነበር። የሁለት ወር ትምህርት ነው የነበረኝ። ይህን ላስረዳቸው ሞክሬ አውቃለሁ? አላውቅም። ደስ ሲላቸው ሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

አባባ ጥርኝ ያዢ ናቸው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ጥርኝ ከድመት ተለቅ ያለ፣ ጠቃጠቆና ጥቁር መስመር ያለበት የዱር አውሬ ነው። ከጅራቱ ሥር ባለ ዕጢ ውስጥ ዝባድ ይጠራቀማል። ያዢው በየዘጠኝ ቀኑ ያን ዝባድ በቀንድ ማንኪያ ጠርጎ ያወጣና በበሬ ቀንድ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ቀንዱ ሲሞላ ነጋዴ ይገዛዋል፤ ከዚያ ወደ ውጭ አገር ሽቶ ሠሪዎች ይሄዳል። የኔ ደብተርና ዩኒፎርም የተገዛው በዚህ ነው። ልብሴም እንደዚያው ይሸት ስለነበር ትምህርት ቤት «ዝባዷ» ይሉኝ ነበር።

ሆኖም አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጥርኞቹን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የጥርኝ ቤት ከመኖሪያው ተለይቶ የሚሠራ ጎጆ ነው። በእኛ ቤት ባህል እንግዳና ሴት አይገባበትም። እንግዳ ከገባ ዓይን ይበላቸዋል፣ ሴት ከገባች ዝባዱ ይደርቃል ይባላል። እትዬ የሺ፣ የአባባ ባለቤት፣ ለጥርኞቹ ገንፎ እያገነፉ ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ ከበሩ አልፈው አያውቁም።

አንድ ነገር ደግሞ መጨመር አለብኝ። ወደ ግቢ ስሄድ አባባ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ትንሽ ማዳበሪያ ቋንጣ አሸክመውኝ ነበር። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። ማንም አያውቀኝም ነበር፤ ቋንጣው አስተዋወቀኝ። «የቋንጣዋ ልጅ» ተባልኩ። ሰው ሲወደኝ እንደዚያ በቀላሉ ሆኖ አያውቅም። ጾም ሳይገባ ጨረስነው።

ነገሩ የተፈጠረው በዐቢይ ጾም፣ ደብረ ዘይት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ዓርብ ከሰዓት ክፍል ስላልነበረኝ ወደ አገር ቤት ሄድኩ። ቅዳሜ አባባ ቀንዳቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይጁቤ ገበያ ሲወጡ «ነይ፣ ጋሽ ሞላ ይይሽ» ብለው ይዘውኝ ወጡ።

ጋሽ ሞላ እህልና ቆዳ፣ ከዚያም ከአካባቢው ያዢዎች ዝባድ የሚገዙ ነጋዴ ናቸው። መጋዘናቸው ውስጥ ሁለት ሌሎች ጥርኝ ያዢዎች ኬሻ ላይ ተቀምጠዋል። ቀንዶቻቸው ተገዝተው መደርደሪያው ላይ ቆመዋል። ጋሽ ሞላ የአባባን ቀንድ ቆዳ ክዳኑን ፈተው ወደ በሩ ብርሃን አዘነበሉት።

«ደረሰ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዝባድ ነዋ! ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?»

«አፍንጫዬስ ደህና ነው። ለዓይኔ ነው ያላማረኝ። ነጭ ነው እኮ። ደግሞ ይለሰልሳል። አምና ያመጣኸው እንደ ጥቁር ማር ነበር።»

«አዲስ ስለሆነ ነው። ከጾም ወዲህ የወጣ ነው።»

«ቅቤ ገብቶበታል።»

ከተቀመጡት አንዱ፣ ቀጠን ያለው ሰውዬ፣ «በጾም ቅቤውን ማን ይብላው ብለህ ነው፣ እሱም የት ይሂድ» ብሎ ሳቀ። አባባ አልሳቁም።

«ሞላ፣ ስንት ዓመት ሸጬልሃለሁ?»

«ብዙ ዓመት። ለዚህ እኮ ነው ፊት ለፊት የምነግርህ። አዲስ አበባ ያሉት ገዢዎች አንድ የተበረዘ ቀንድ ካገኙ የአገሩን በሙሉ ነው የሚመልሱብኝ። የእነዚህንም ጭምር። ትምልልኛለህ?»

«አልምልም። አባቴም ምሎ አያውቅም።»

«እንግዲያ ምን ልሁን?» አሉና ጋሽ ሞላ ዞር ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ዐረፈ። «ቆይ፣ ይህች ልጅ ኬሚስትሪ ነው የምትማረው አላልከኝም?»

የአባባ ፊት በራ። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያ ፊት ነው። ከአደጋ የዳኑ መሰላቸው።

«አልኩህ እንጂ! ሰናይት፣ ነይ እስቲ ልጄ። ንገሪውና አፉን አዘጊልኝ።»

እዚህ ላይ «አላውቅም» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ናት። ግን አራት ሽማግሌዎች እያዩኝ፣ አባባ እንደዚያ ፈገግ ብለው፣ ቃሏ አልወጣ አለችኝ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለን በባዮሎጂ ክፍል የተማርነው የቅባት ምርመራ ትዝ አለኝ። የሚመረመረውን ነገር ነጭ ወረቀት ላይ ታሻላችሁ፤ ወረቀቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጠብጣብ ከያዘና ሳይደርቅ ከቆየ ቅባት አለ ማለት ነው። ከደብተሬ ነጭ ወረቀት ገነጠልኩ። በስንጥር ጫፍ ትንሽ ዝባድ ወስጄ አሸሁበት። ሽታው ዓይን ያስነባል። ጠብቄ ወረቀቱን ወደ በሩ አነሣሁት። ነጠብጣቡ እንደ መስኮት ብርሃኑን አሳለፈው።

ያን ጊዜ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ቀንዶች አየሁ። ከነዚያ ከአንዱ ወስጄ ጎን ለጎን ማሸት እንዳለብኝ አስቤያለሁ። አዎ፣ አስቤያለሁ። ግን «ለማነጻጸር ሌላ ስጡኝ» ብል እርግጠኛ ያልሆንኩ ይመስልብኛል ብዬ ተውኩት።

«ቅባት አለው» አልኩ።

«ምን አለው?» አሉ ጋሽ ሞላ።

«ቅባት። ወረቀቱ ያሳልፋል፣ ይኸው።»

«ቅቤ ነው በያ!»

«ቅባት መሆኑ እርግጥ ነው። ቅቤም… ሊሆን ይችላል።»

ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ወገን ላለማስቀየም የመረጥኩት ቃል ነበር። ከተናገርኩት ሁሉ የከፋው እሱ ሆነ።

አባባ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ሰናይት፣ እኔ ቅቤ የቀላቀልኩ ይመስልሻል?»

ወረቀቱን አየሁ። እሳቸውን አላየሁም።

«እሺ» አሉ። ክዳኑን መልሰው ማሰር ጀመሩ። ጣታቸው ጠፍሩን ሁለት ጊዜ ሳተው። ከዚያ ለጋሽ ሞላ፣ «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አዱኛን ይዛችሁ ኑ። ዓይናችሁ እያየ ከጥርኙ አወጣለሁ» አሉ።

ሲስቅ የነበረው ቀጭኑ ሰውዬ ሳቁ ጠፋ። «ሐሙስ አይደል እንዴ ዝባዱን የወሰድክበት? ነገ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ይጎዳብሃል እኮ፣ ደረሰ።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ ይህን ሁሉ ሰው አስገብተህ?»

«ልጄ ተናገረች እኮ። ሌላ ምን ቀረኝ?»

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። እንደ ሁልጊዜው ቦርሳዬን ሊያሻግሩልኝ ነው። ሰጠኋቸው። ማዶ ስንደርስ መለሱልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ዕለቱ ገብር ኄር ነበር። ስብከቱ በጥቂቱ ታምኖ ስለተገኘው አገልጋይ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አራቱ ሰዎች መጡ፤ ቄስ አዱኛ፣ ጋሽ ሞላና ሁለቱ ያዢዎች። ቄስ አዱኛ በሩ ላይ ጫማቸውን አራግፈው፣ «ደረሰ፣ መሐላ እንቢ ማለትህን አመሰግናለሁ። ይህንንም ብትተወው ደስ ይለኝ ነበር» አሉ።

«ብተወው ሌባ ነኝ፣ አባቴ።»

አባባ የጥርኝ ቤቱን በር ከፍተው አስገቧቸው። እኔና እትዬ የሺ ውጭ፣ አጥሩ ሥር ቆምን። እትዬ የሺ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«አልበሉም እኮ» አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ትልቁ ጥርኝ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ገንፎውን ትቶታል።»

«ለምን?»

ከውስጥ የእንጨት መንቋቋት ተሰማ። ከዚያ እንደ ማገሳትም እንደ ማሳልም ያለ ድምፅ መጣ። የአባባ ድምፅ «አይዞህ፣ አይዞህ ጌታዬ» ይላል፤ አውሬውን እንደ ሕፃን ያባብሉታል። አንድ ነገር ግድግዳውን የመታ ያህል ጎጆው ተነቃነቀ። ያ ድምፅ ደገመ፣ ሠለሰና ዝም አለ። በዚያን ሰዓት ገብቼ «ተዉት» ማለት እችል ነበር። ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜ ነበር። ሴት አይገባም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሲወጡ የአባባ ቀኝ አውራ ጣት ይደማ ነበር። ማንኪያው ላይ ምስር የምታክል ነጣ ያለች ዝባድ አለች፤ በመካከሏ ቀይ መስመር ተጋድሟል። ያ ደም የአባባ አልነበረም።

«ነጭ ነው» አሉ ቄስ አዱኛ። «ልክ እንደ ቀንዱ።»

ጋሽ ሞላ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። «መልኩስ ያው ነው። ቅባቱን ግን… ልጅቱ ትየው።»

ዓይናቸው ሁሉ ዳግመኛ እኔ ላይ ዞረ። የትናንቱን ወረቀት አወጣሁ። ከአሮጌው ነጠብጣብ አጠገብ አዲሱን አሸሁ። ጠበቅን። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አነሣሁት። ሁለት መስኮቶች ጎን ለጎን፣ እኩል በሩ።

«አሁንስ ቅቤ ነው?» አሉ ቄስ አዱኛ።

«አይደለም።» እንደገና ተናገርኩት። «አይደለም፣ አባቴ። ቅባቱ የራሱ የዝባዱ ነው። ትናንት… ትናንት አላውቅም ነበር።»

«እና ምን አይተሽ ነው የመሰከርሽ?»

«ወረቀቱን።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ሞላ የአባባን ትከሻ ይዘው፣ «ደረሰ፣ ይቅር በለኝ። ቀንዱን አሁኑኑ ስጠኝ፣ ይዤው ልሂድ» አሉ። አባባ ሰጧቸው። ቀጭኑ ሰውዬ ጨው ያለው ውኃ አስመጥቶ የአባባን ጣት አጠበላቸው። ስማቸው ነጻ ወጣ። የፈራነው ነገር አለፈ ማለት ነው። ግን ማንም ደስ ያለው ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም ጎጆው ውስጥ ዝምታው አልተቋረጠም።

ሰኞ ጠዋት ትልቁ ጥርኝ ሞቶ ተገኘ።

ወደ ግቢ ልመለስ ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ አባባ በጥርኝ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። «ነይ ግቢ» አሉኝ።

«እኔ?»

«ከእንግዲህ ምን ይደርቃል ብዬ ነው?»

ዝቅ ብዬ ገባሁ። ውስጡ ሞቃትና ጨለም ያለ ነው። ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ከእንጨት የተሠሩ ሁለት ረጃጅም ጠባብ ሳጥኖች አየሁ። ጥርኙ ዞሮ እንዳይናከስ ተብሎ ስለሚሠሩ ስፋታቸው ከአውሬው ጎን አይበልጥም። በአንደኛው ውስጥ ትንሹ ጥርኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ቆሟል። ሁለተኛው ባዶ ነው። ትልቁ በዚያ ሳጥን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት እንደኖረ ነገሩኝ። ዘጠኝ ዓመት ሳይዞር። እኔ ከመጀመሪያ ደረጃ ጀምሮ የተማርኩበት ዘመን ነው።

ከባዶው ሳጥን ጎን ያለችው አንዷ እንጨት ዓይኔን ሳበችው። ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ላይ፣ እንጨቷ ጥቁር ሆና ታበራለች። እንደተወለወለ ቆዳ ታብረቀርቃለች።

«ይህን ምን ቀባችሁት?»

«ማንም አልቀባውም። እሱ ነው። ሲከፋውም ደስ ሲለውም ጀርባውን ሰጥቶ እዚያ ይታከክ ነበር። ሁሉም ያደርጉታል። ጫካም ሆነው ዛፍ ላይ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት።»

ወረቀቴን አወጣሁ። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ እጄ ራሱ አደረገው። ወረቀቱን እንጨቷ ላይ ጫን አድርጌ አሸሁና ወደ በሩ አነሣሁት። ሦስተኛ መስኮት በራ። ከሌሎቹ ልዩነት የለውም።

እንግዲህ ማስረጃው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያች እንጨት ላይ ነበር። ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይደማ። ቅዳሜ ከገበያ ተመልሰን አንዴ ብገባ ኖሮ ያበቃ ነበር።

«አባባ፣ ይህን አስቀድመው ቢያሳዩኝ ኖሮ…»

«ብትጠይቂኝ አሳይሽ ነበር።»

«ሴት አይገባም ይሉ የለም እንዴ?»

«እላለሁ። አባቴም ይል ነበር።» ባዶውን ሳጥን በእግራቸው ነካ አደረጉት። «አንቺም አልጠየቅሽ፣ እኔም አልጠራሁሽ።»

ለመውጣት ስዞር ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ገመድ ግንባሬን ነካኝ። ገመዱ ላይ አንዲት የደረቀች የሥጋ ቁራጭ ተጣብቃ ቀርታለች።

«ይህስ?»

«የጾም ስንቃቸው የሚሰቀልበት ነው። በጾም የሚታረድ ስለሌለ ገና ሲሆን አርጄ አደርቅላቸዋለሁ። ሥጋ ካልቀመሱ ዝባዱም ይነጣል፣ እነሱም ይደክማሉ።»

«ዘንድሮስ?»

ያቺ የማውቃት የአባባ የማሾፍ ፈገግታ ለአፍታ ብቅ አለች። «ዘንድሮማ ደብረ ማርቆስ ገባ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ማዳበሪያው፣ ዶርሙ፣ የስድስታችን ሳቅ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ቅዳሜ ጋሽ ሞላ ፊት ዝባዱ የነጣበትን ምክንያት መናገር ይችሉ ነበር። ያልተናገሩት እኔ አጠገባቸው ስለቆምኩ ነው።

ግቢ ተመልሼ የሆነውን ለኬሚስትሪ መምህራችን ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ዝባድ ከተፈጥሮው አብዛኛው ቅባትና ሰም መሆኑን፣ ሽታውን የሚሰጠው በውስጡ ያለው ጥቂት ነገር መሆኑን፣ ከነዚያም ዋናው ሲቬቶን እንደሚባልና አሥራ ሰባት ካርቦኖች ቀለበት ሠርተው የተያያዙበት መሆኑን አስረዱኝ። አዲስ ዝባድ ነጣ ያለ እንደሆነና እየቆየ እንደሚጠቁርም ነገሩኝ። ሥጋ ማጣቱ ምን ያህል እንደለወጠው ግን፣ «ይህን ሳልመረምር አልነግርሽም፤ አላውቅም» አሉኝ። መምህር ሆነው፣ በእኔ በአንዲት ፍሬሽ ፊት፣ ምንም ሳይከብዳቸው አሉት። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ሲጽፍ መጨረሻው ላይ የተማረውን ይናገራል። እኔም የተማርኩት አለ። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ «ምን አይቼ ነው?» ብዬ ራሴን ሳልጠይቅ አልመልስም፤ ማነጻጸሪያ ሳልይዝም ውጤት አልጽፍም። ይህ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ አልተፈታልኝም። ትንሹ ጥርኝ እስካሁን እዚያ ሳጥን ውስጥ አለ። ለፋሲካ ስሄድ አባባ አስገቡኝና ሥጋውን በእጄ ሰጠሁት። ዞሮ ሊያየኝ አልቻለም። ይልቀቁት ብዬ ልለምናቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ቦርሳዬን፣ ጫማዬን፣ የያዝኩትን ስልክ ሳይቀር ያገኘሁት ከእሱና ከሞተው ነው። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ እስካሁን አላልኩም። ዝም ማለቴም እንደ ቅዳሜው ዝምታዬ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ወረቀቷ ደብተሬ ውስጥ ናት። መምህራችን እንዳሉኝ ዝባድ ሲበዛ ይከረፋል፣ በጣም ሲሳሳ ግን ሽታው ወደ አበባ ይለወጣል። እውነታቸውን ነው። ባለፈው ሳምንት ደብተሬን ስገልጥ ጎረቤት አልጋ ያለችው ጓደኛዬ አፍንጫዋን አስጠግታ፣ «ውይ፣ ምን ሽቶ ነው? እንዴት ደስ ይላል!» አለችኝ።

ድሮ ቢሆን አንድ የሚያስደስታት ስም ፈጥሬ እነግራት ነበር።

«ተቀመጪ» አልኳት። «ሌሎቹንም ጥሪያቸው። ያን ቋንጣ ስድስታችንም ነን የበላነው።»